ሳይመጡ የቀሩት ጥንዶች

በጡረታ ስሸኝ መድረኩን የመራው ወጣት መምህር ማይኩን ይዞ «ዛሬ የምንሸኛት እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ የሌለ ነገር ስትፈልግ የኖረች ናት» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ደነገጠ መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ማለቴ… እስካሁን ያልተገኘ» ሲል አረመ። መልካም አደረገ። ለፊዚክስ ሰው «የለም» እና «አልተገኘም» በጣም የተራራቁ ቃላት ናቸው። የእኔ የሥራ ዘመን ያለፈው በሁለቱ መካከል ስለሆነ፣ አሁን ጊዜ ካገኘሁ አይቀር ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ወደዚህ፣ ወደ አሶሳ አካባቢ፣ ያመጣኝ የመምህራን ምደባ ሲሆን፣ ዕጣ ሲወጣ ባምባሲ ደረሰኝ። እናቴ ስሙን መጥራት እንኳ ተቸግራ ለነፍስ አባታችን «ቦንባሲ ነው ባንባሲ፣ እንዲህ የሚባል አገር ልጄን ወሰደብኝ» ብላ አለቀሰች አሉ። ከብርድ አገር ለመጣ ሰው የመጋቢት ሙቀቱ እውነትም የሚያስለቅስ ነበር። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጠመኔ በመሳቢያው ቆልፎ እየሸራረፈ የሚሰጠን ሰው ነበርና፣ ጥቅጥቅ አድርጎ መጻፍንና የቀረውን በጭንቅላት መሥራትን ከእሱ ተማርኩ። ከተማሪዎቼ ገሚሱ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ገሚሱ በርታ ነው፣ የሰፋሪዎቹ ልጆች ደግሞ የወሎ አማርኛቸውን ይዘው መጥተዋል። አንድን ነገር በሦስት መንገድ ካላስረዳሁ አላስረዳሁም ማለት መሆኑ የገባኝ እዚያ ነው። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዬን፣ ቆይቶም ዶክትሬቴን የሠራሁት አዲስ አበባ፣ በጋሽ ኅሩይ ሥር ነው። ጋሽ ኅሩይ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሹራባቸው ክንድ ሁልጊዜ በጠመኔ ነጭ የሆነ ሰው ነበሩ። አንድ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። ማንም ተማሪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማስላት ከመጀመሩ በፊት መልሱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አለበት። ግምቱን በሰሌዳው ቀኝ ጥግ ይጽፋል፣ በሳጥን ያጥረዋል፣ እስከ መጨረሻው አይሰርዘውም። አንዱ ጓደኛችን ግምቱ ከመልሱ ጋር አልገጥም ሲለው በእጅጌው ጠረግ አድርጎ አጠፋው። ጋሽ ኅሩይ ያን ቀን ሌላ ነገር ሳያስተምሩ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ «የተሳሳተው ግምትህ ነበር አስተማሪህ፤ አባረርከው» አሉት።

የያዝነው ጉዳይ ራሱ የግምት ጉዳይ ነበር። የሂግስ ቅንጣት የምንላት አለች። ሌሎቹ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ፣ በተለምዶ ክብደት የምንለውን፣ ያገኙት ከእሷ መስክ ጋር ስለሚገናኙ ነው። የእሷን የራሷን ክብደት ለማስላት ስንቀመጥ ግን እንቸገራለን። በዙሪያዋ ብቅ ጥልቅ የሚሉት ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው በስሌቱ ላይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ የሚጨምሩትና የሚቀንሱት ከእሷ ክብደት ጋር ሲተያይ ተራራ ያህላል። ተራራ ከተራራ ተቀንሶ አንዲት ጠጠር ትቀራለች። ጠጠሯ ደግሞ ልክ እኛ የምንለካት ሆና ትገኛለች። ይህ በአጋጣሚ ይሆናል? በእኛ ሙያ ይህ የተፈጥሯዊነት ጥያቄ ይባላል።

በኋላ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ተመልሼ መጥቼ ሳስተምር፣ ጉዳዩን በመናኸሪያው አስረዳ ነበር።

«አንድ መኪና ከኩርሙክ፣ አንድ መኪና ከቶንጎ ይነሳሉ እንበል። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሁለቱ በየቀኑ፣ ክረምት ከበጋ፣ መናኸሪያው በር ላይ እኩል ቢደርሱ ምን ትላላችሁ?»

«ተደዋውለዋል!» ይላል አንዱ።

«ኔትወርኩ የታለና!» ይላል ሌላው።

«መምህርት፣ የኩርሙክ መኪና በሰዓቱ ከደረሰ እሱ ራሱ ተአምር ነው። ፊዚክስ አይመለከተውም።»

ሳቁ ሲበርድ «እሺ፣ ተደዋውለዋል እንበል» እላቸዋለሁ። «ሱፐርሲሜትሪ ያ ስልክ ነው።» ሐሳቡ የምናውቃት እያንዳንዷ ቅንጣት ያላየናት ጥንድ አላት የሚል ነው። አንዷ የጨመረችውን ጥንዷ ትቀንሰዋለች፤ ስለዚህ ተራራና ተራራ እኩል መምጣታቸው ድንገት መሆኑ ይቀራል። ጥንዶቹ ግን እጅግ ከባድ መሆን የለባቸውም። ከከበዱ እርስ በርስ መጠፋፋቱ ይዛነፍና የተገላገልነው ችግር ተመልሶ ይመጣል። በአውሮፓ ከመሬት በታች የተሠራው ታላቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ሥራ ሲጀምር ሁላችን በጉጉት የጠበቅነው ለዚህ ነበር። እኔ በዶክትሬት ሥራዬ፣ በቀላሉ ሞዴል፣ ጥንዶቹ የት ክብደት አካባቢ ሊገኙ እንደሚገባ አስልቼ ክልሉን አመልክቻለሁ። ማፋጠኛው በደንብ የሚደርስበት ክልል ነው።

አሰገደች የምትባል የማኅበር ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ከቅዳሴ ስንወጣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር አስተካከለው በይና አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ።

«እሱማ እሱ ነው ያስተካከለው። በምን መንገድ የሚለውን ነው የምፈልገው።»

«አንቺ መንገዱን አውቀሽ ምን ልታደርጊበት?»

«ላመሰግንበት» አልኳት። ከልቤ ነበር። ስሌት በደከመኝ ቦታ ሁሉ የሱን ስም መሙላት ድፍረት ይመስለኛል። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ወደ ቢሮ ስሄድም ቁጥሩን አስተካክልልኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ቁጥሩን ሳየው የማልዋሽበትን ልብ ስጠኝ እለው ነበር።

ያ ልመና ያስፈለገኝ ጊዜ መጣ። የሂግስ ቅንጣት ስትገኝ የክፍላችን ሰዎች ለስላሳ ገዝተን አጨበጨብን። «ጥንዶቹ ይከተላሉ» አልኩ። ዘገባ በመጣ ቁጥር ግን ቃሉ አንድ ነበር፤ አልታየም። እኔም ሞዴሌን እያስተካከልኩ የጥንዶቹን ክብደት ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረግሁት። ይህ በእኛ ሙያ የተከለከለ አይደለም፤ ብዙዎች ያደረጉት ነው። አንድ ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ የተስተካከለውን ለጋሽ ኅሩይ ሳሳያቸው፣ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ዓይናቸውም ደክሞ ነበር፣ ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ወይንሸት» አሉኝ፣ «ልብስ ሰፊ ሆንሽ እኮ።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሰኞ ነይ፣ ሐሙስ ነይ፣ በቀጣዩ ሰኞ ነይ። ቀሚሱ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሳቅሁና ወረቀቴን አጣጥፌ ያዝኩ። ጽሑፉን የላክሁበት መጽሔትም መለሰው። ሌሎች ዘገባዎች ተከታትለው መጡና በመጨረሻ እኔ በዶክትሬቴ ያመለከትኩት ክልል ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ያን ዘገባ ያነበብኩት የመንገዱ ፀጥታ አስቸግሮ ከአሶሳ መውጣት ባልተቻለበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ላገኛቸው ስላልቻልኩ ለጋሽ ኅሩይ ደወልኩ። እናቴ ሞታብኝ ያልደረስኩ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ብቸኝነት አልተሰማኝም ብል ይፈረድብኝ ይሆናል፤ ለእናቴ የሚያለቅስልኝ ጎረቤት ሞልቶ ነበር። ላልተገኘች ቅንጣት ማን ያለቅሳል?

ጋሽ ኅሩይ ግን አደመጡኝ። ሲያበቃልኝ «ግምትሽ ወደቀ?» አሉ።

«ወደቀ ጋሼ።»

«በየትኛው እግሩ ነው የወደቀው? እሱን ፈልጊ። አጣርተሽ የምታስተምሪያቸው ልጆች አሉሽ አይደል?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆዩም፤ ነፍሳቸውን ይማርልኝ። እኔም ጥናቴን ወደ ጥያቄው መለስኩ። ተፈጥሯዊነት የምንለው ነገር እንዴት ይለካል? በምን ያህል ነው አንድ ሐሳብ «ተጠምዝዞ የተስተካከለ ነው» የምንለው? እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ነው ሐዋ የመጣችው።

ሐዋ የመንጌ ልጅ ናት፣ በርታ፤ አሶሳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምር፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመሥራት የተላከች። ብልህ ናት፤ ስታሰላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። የመመረቂያ ሥራዋን በሱፐርሲሜትሪ ላይ ልሥራ ስትል የክፍል ኃላፊያችን ቢሮው አስጠራኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ጭንቀታም እንጂ።

«ዶክተር፣ ልጅቷን ወደ ሶላር ኃይል ጥናት ብናዞራትስ? ይህ እኮ መጨረሻው ‹የለም› ነው። ‹የለም› ብላ ስትቀርብ የውጭ ፈታኙ ምን አገኘሽ ይላታል። ብትወድቅ ትምህርት ቤቷም አይመልሳትም።»

«‹የለም›ን በትክክል ካሳየች አገኘች ማለት ነው» አልኩት። አላሳመንኩትም፤ ፈቀደልኝ ብቻ። ስለዚህ የሐዋ ነገር በእኔ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ሥራዋ የማስተካከልን ደረጃ መለካት ነበር። በሙያችን የታወቁ ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንደኛው «ከመነሻው ያሉትን ቁጥሮች ጥቂት ብነካቸው ውጤቱ ምን ያህል ይናወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ ጨካኝ ነው። ሁለተኛው መነሻውን ትቶ መጨረሻ ላይ እርስ በርስ የሚጠፋፉትን ቁጥሮች ብቻ ያስተያያል፤ ገራገር ነው። ለሁለቱም የሚሟገቱላቸው አዋቂዎች አሉ። ሐዋ በሁለቱም እንድትሠራ ተስማምተን ነበር። የመጨረሻውን ረቂቅ ስታመጣልኝ የተፈጥሯዊነትን ደረጃ የሚያሳየውን ግራፍ አየሁትና ዓይኔ ቆመ። የእኔን የዶክትሬት ክልል ሲያልፍ መስመሩ ለስለስ ብሎ ይሄዳል። በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ግምት ሠራሁ። ቁልቁለት መሆን ነበረበት።

«ሐዋ፣ የመጀመሪያው መለኪያስ?»

ሻሿን ሳብ አደረገች። «ተትቷል፣ መምህርት።»

«አልሠራሽውም?»

«ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተተወ?»

ውጭ ተማሪዎች ኳስ እየተራገጡ ይንጫጫሉ። እሷ ጠረጴዛውን እያየች፣ «እርስዎ በዚህ ሥራ ነው ዕድሜ የጨረሱት» አለች። «መለኪያው መጥፎ ይናገራል። በእርስዎ ሥራ ላይ ነው የሚናገረው። ታዲያ እኔ ነው እንዴ የሚመሰክረው? እኛ ጋር ያስተማረህ ሰው አባት ነው። አባት ላይ አይመሰከርም።»

እኛም ጋር አይመሰከርም፤ ያን አልነገርኳትም። ብዙ ተማሪ አስተምሬአለሁ፤ ከስንፍና የሚያጭበረብር፣ ከችኮላ የሚሳሳት አይቻለሁ። ከአክብሮት ብዛት ቁጥር የሚደብቅ ግን የምናፈራው እኛ ነን። ተነስተን ለመምህር ወንበር የምንለቀው፣ ተሳስተዋል ከማለት «ምናልባት እኔ አልገባኝም ይሆናል» የምንለው እኛ። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ገራገሩን መለኪያ ብቻ ቢመርጥ ሥራው እንዲያምርለት ነው፤ ሐዋ የመረጠችው እኔ እንዳላፍር ብላ ነው። መቆጣት አቃተኝ። መተውም አቃተኝ። እንዲህ ሆና ብትቀርብ የውጭ ፈታኙ በአንድ ጥያቄ ይጥላታል። ባይጥላት ደግሞ የባሰ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ፊት እያየች የምታሰላ ሴት ትሆናለች።

ስለዚህ ለጋሽ ኅሩይ የደወልኩበትን ቀን፣ የልብስ ሰፊውን ነገር፣ ጋሽ ኅሩይ «በየትኛው እግሩ» ያሉኝን ሁሉ አጫወትኳት። «እኔ የወደቀውን እግር እስካሁን አላገኘሁትም» አልኳት። «የመጀመሪያው መለኪያ ግን ወዴት እንደሆነ ያሳያል፤ አንቺ ከደበቅሽው በማን ዓይን ልየው?»

«ያዝኑብኛል ብዬ ነው።»

«አዝናለሁ። ይውጣ ግን።»

ሁለቱንም አስገብታ መጣች። የመጀመሪያው መለኪያ ግራፍ እኔ ከገመትኩት በላይ ቁልቁል ነበር። ምሽት ቤቴ ገብቼ ጸሎቴን ሳደርስ የዚያን ቀን የለመንኩት ለራሴ አልነበረም፤ የጻፈችውን በቃሏም እንድትደግመው ነው። ወረቀት ላይ መመስከር አንድ ነገር ነው፤ ሰው ፊት፣ መምህርሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ሌላ።

የመመረቂያ ሥራዋን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ደረሰ። የሐዋ አባት ሼህ እድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ዘመድ አስከትለው፣ ማንጎ በማዳበሪያ አስይዘው ከመንጌ መጡ። ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ በአማካሪነት ጥግ ይዣለሁ፤ በደንባችን አማካሪ መናገር አይችልም። የውጭ ፈታኙ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። የሐዋን ገለጻ እስከ መጨረሻው ሰማና ወደ ጨካኙ ግራፍ እንድትመለስ ጠየቃት።

«ይህ ቁልቁል የወረደው ቦታ የአማካሪሽ የዶክትሬት ሥራ የቆመበት ክልል አይደለም?»

«ነው።»

«እና ምን እያልሽን ነው?»

ሐዋ አባቷን አየች። ሼህ እድሪስ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም፣ የሚነሳው ስለ እኔ መሆኑ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። እሷም ዞረች። ፈቃድ ፍለጋ እንደሆነ አወቅሁ። ባያት ፈቃድ የሰጠሁ ይሆናል፤ ፈቃዴ ደግሞ የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም። አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ።

የክፍል ኃላፊው ሲያስል ሰማሁ።

«በጊዜው በደንብ የታሰበ ግምት ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያኖረች። «ማፋጠኛው ፈለገ፣ አላየም። በዚህ ሞዴል፣ በዚህ መለኪያ፣ የመምህርቴ ክልል ተፈጥሯዊ አይደለም። ወድቋል።»

«ስለዚህ ሱፐርሲሜትሪ የለም?»

«እሱን አላልኩም። የተፈለገበትን ቦታ ነው የማውቀው። ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። ወይ ደግሞ ጥያቄውን ስንጠይቅ የተሳሳትን ይሆናል፤ ተፈጥሮ እኛ ‹ተፈጥሯዊ› ያልነውን የመሆን ግዴታ የለባትም። ገና አልታወቀም።»

ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «በሁለተኛው መለኪያ ብቻ ብትመጪ አላሳልፍሽም ነበር» አለ። ጥቂት እርማት ሰጥቷት አለፈች።

ውጭ ማንጎው እየተበላ ሳለ ሼህ እድሪስ ነጥለው ያዙኝ። ፊታቸው ተጨንቋል።

«መምህርት፣ ያ ሰውዬ ጠየቀ። ልጄ ‹ወድቋል› አለ። የአንቺ ሥራ ነው የወደቀ?»

«አዎ ሼህ፣ የእኔ ነው።»

«ልጄ ሰደበሽ?»

«አልሰደበችኝም። ሥራዬን ከእኔ የበለጠ አጥብቃ ነው የያዘችው። እርስዎ እውነት ተናገሪ ብለው አሳድገዋታል፣ ተናገረች።»

አሰቡበት። ከዚያ ሳቅ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ ቤት ውስጥም እንዲህ ነው። እናቱን እንኳ አይምርም። እዚህ ነው ዝም ያለ!» አሉና ሁለት ትልልቅ ማንጎ መርጠው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

እኔ በዚያው ወር ጡረታ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ያሉት እህቶቼ «አሁንስ ምን ቀረሽ፣ ነይ እንጂ» እያሉ ይደውላሉ። ለበዓል እሄዳለሁ፤ ብርዱን ግን አጥንቴ ረስቶታል፣ ደግሞም ሥራ አለብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐዋ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል እንገናኛለን። የያዝነው ሐሳብ ይህ ነው፤ የሂግስ ክብደት ከመጀመሪያው ተቆርጦ የተሰጠ ሳይሆን፣ ዓለም ስትሰፋ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወርዶ እዚህ የቆመ ቢሆንስ? ሐሳቡ የእኛ አይደለም፤ ሌሎች ያነሱት ነው። ምን፣ የት ላይ እንደሚያቆመው ግን ገና ብዙ ያልተሠራ አለበት፤ ጥንዶቹ ባይመጡም ጥያቄያቸው አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ነበር። ሐዋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድንገት «መምህርት፣ ተሳስተዋል» አለች።

ጠመኔዬን እንደያዝኩ ዞርኩ። «ምናልባት» የለም፣ «አልገባኝም ይሆናል» የለም። «የቱ ጋ?»

«ሦስተኛው መስመር። ምልክቱ ተገልብጧል።»

ተነስታ መጣች፣ ጎን ለጎን ቆመን ከመጀመሪያው ጀምረን ሠራነው። ክፍሉ ይሞቃል፤ አላስተዋልነውም። መጨረሻ ላይ ምልክቱ እኔ እንደጻፍኩት ሆነ፤ የተሳሳተችው እሷ ነበረች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ትክ ብላ አየችው። ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልጠየቀችም። «እሺ» አለች፣ «አራተኛውንስ ያስረዱኝ፤ እሱንም አላመንኩትም።»